አስመጪው ክፍላችን የገባ ቀን

የወሰዱኝ ከድንጋይ ካባዬ ላይ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጠዋት፣ ከጎባ በላይ ባሉት ተራሮች ላይ ጭጋጉ ገና ሳይገለጥ። መሮዬን ከእጄ ተቀብሎ መሬት ላይ ያስቀመጠው ፖሊስ ትሁት ሰው ነበር። «ለአንድ ጥያቄ ነው፣ ቶሎ ትመለሳለህ» አለኝ። ሚስቴ ጃኬቴን ይዛ እየሮጠች ስትደርስ መኪናው ተነሥቷል።

ጥያቄው ምን እንደሆነ አላጣሁትም። በዚያው ሰሞን ሮቤ ላይ የሕዝብ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። አዲሱ አዳራሽ ፊቱ ከውጭ በሚመጣ ግራናይት እንደሚለበጥ ተነገረን። ተነሥቼ ተናገርኩ። ድሮ ፎቅ የሚሠራ ሁሉ የቻይናና የህንድ ድንጋይ ይል እንደነበር፣ ዶላር ሲጠፋ ግን ያዘዙት ቀርቶባቸው ቤታቸው በእንጥልጥል ያለ ሰዎች ወደ እኛ መምጣት እንደ ጀመሩ፣ ድንጋያችንንም እንደ ወደዱት አስረዳሁ። ከዚያ «ለመድኃኒት የጠፋ ዶላር ለድንጋይ ከየት ተገኘ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሰው አጨበጨበ። ከፊት ወንበር፣ ስብሰባውን ከጠራው ባለሥልጣን አጠገብ የተቀመጠ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ዞር ብሎ አየኝ። ግራናይቱን የሚያስመጣው ነጋዴ ነበር። ፈገግ አለልኝ።

ክሴ «ሕዝብን በመንግሥት ላይ ማነሣሣት» ሆነ።

ያስገቡኝ ቀድሞ የስንዴ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ከሲሚንቶው አልለቀቀም፤ ጠዋት ጠዋት ጉሮሮ ይከረክራል። ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። ጥግ ላይ ለሽንት የምንጠቀምበት ባሊ ነበር፤ እሱ አጠገብ በተራ እንተኛለን። ስንቅ የሚመጣለትም የማይመጣለትም አብሮ ይበላል። ይህን ሥርዓት ያቆዩት ከሪራ የመጡ ማር ቆራጭ ሽማግሌ ናቸው። በምን እንደታሰሩ ሲጠየቁ «እኔም እነሱን እየጠየቅኋቸው ነው» ይሉ ነበር።

የክፍሉ አለቃ የነበረው ሰው ሲፈታ እኔን መረጡኝ። «ከካባ መጥቶ ካቦ ሆነ» ብለው ሳቁብኝ። አብሬያቸው ሳቅሁ። ሌሎቹ ግን ልጆቻቸውን እያሰቡ ሲተኙ እኔ ግራጫውን ካፖርት እያሰብኩ ነበር የምተኛው። ምን እንደምለው፣ በየትኛው ቃል እንደምጀምር፣ ፊቱ ምን እንደሚመስል። ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

አንድ ከሰዓት በሩ ተከፈተና ገፍተው አስገቡት።

ካፖርቱን ለብሷል። ጫማው ክር የለውም። ደጋፊው ባለሥልጣን ከወንበሩ ወርዶ፣ ከሱ ጋር የዋሉት ሁሉ እየተለቀሙ መሆኑን ሰምተን ነበር። «እንደምን ዋላችሁ» አለ በትሕትና። ዓይኑ በእኔ ላይ አልፎ ሄደ። አላወቀኝም።

«የምትተኛው እዚያ ነው» አልኩት፣ ባሊውን እያሳየሁ። «ሁልጊዜ። ጠዋት የምታወጣውም አንተ ነህ።»

ሰዎቹ ተያዩ። እኔን ግን ደስ አለኝ፤ ከታሰርኩ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማታ ሚስቴ የላከችው ጩኮ መጣ። የገብሱ ዱቄት በቅቤ ርሶ፣ ኮረሪማው ይሸታል። ሳህኑን ከበብን። እሱም ተጠጋ። ቤተሰቡ አዲስ አበባ ነው፤ የሚያመጣለት ሰው የለም።

«አንተ አትበላም» አልኩት።

ሽማግሌው እጃቸውን ከሳህኑ መለሱ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እሱ ካልበላ እኔም አልበላም።»

«ኦቦ፣ እርስዎ አያውቁትም።»

«አላውቀውም። መራቡን ግን አያለሁ።»

ሌሎቹም እጃቸውን ሰበሰቡ። ሳህኑ መሐል ላይ ቀረ። ወደ ሰውየው ዞርኩ። «ታውቀኛለህ?»

ትክ ብሎ አየኝ። «ይቅርታ፣ ወንድሜ፣ አላስታወስኩህም።»

ያልቻልኩት ይህን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አብሮኝ ሲተኛና ሲነሣ የነበረ ሰው ፊቴን እንኳ አልያዘውም።

«የካባው ሰው ነኝ። ስብሰባው ላይ የተናገርኩት።»

«እስካሁን እዚህ ነህ?» አለ።

«እዚህ ነኝ። ለምን እንዳለሁ ለነዚህ ሰዎች ንገራቸው።»

ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ። መናገር ሲጀምር ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። «የውጭ ድንጋይ ገበያ እየሞተ ነበር። ድሮ ኮንቴይነሩ ሳይራገፍ ይሸጥ ነበር። ኋላ ባንክ ዶላር አጣ፣ ዋጋው ናረ፣ ሰው ወደ አገር ድንጋይ ዞረ። የቀረኝ ትልቅ ሥራ ያ አዳራሽ ነው። አንተ ስትናገር ሰው አጨበጨበ። ለባለሥልጣኑ፣ ይሄ ሰው ከጀርባው ሰዎች አሉት አልኩት። ሌላ አላልኩም።»

«ሰዎች ነበሩኝ?»

«አልነበሩህም።»

«ይህን ለዳኛ ትናገራለህ?»

«እናገራለሁ።»

ሳህኑን ወደሱ ገፋሁ። «እንግዲያው ብላ። ዳኛ ፊት ድምፅህ እንዳይጠፋ።»

«ኮቱ፣ ኛዹ፤ ና ብላ» አሉት ሽማግሌው። በሁለት እጁ በላ። እኔ እሱን ሳይ ሳልበላ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ከሚመጣልኝ ሁሉ ቅቤ የበዛበትን ለሱ እሰጥ ነበር። አዝኜለት አይደለም። ለአረፋ እንደሚደለብ ሰንጋ ቀለብኩት። እኔ የምፈልገው ቆሞ የሚናገርበትን ቀን ብቻ ነበር። ባሊው አጠገብ መተኛቱን ግን አልቀየርኩለትም።

ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ተፈታ። አንድ ጠዋት ዘቡ በሩን ከፍቶ «ዕቃህን ያዝ» አለው። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎቹ ሌላ ደጋፊ አግኝተውለት ይሆናል፤ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ካፖርቱን አራገፈና እጁን ዘረጋልኝ።

እጄን አላነሣሁም። «ዘቡ ይኸው ቆሟል» አልኩት። «የነገርከንን ንገረው።»

ዘቡ አየው። እሱ የጫማውን ጫፍ አየ። «ፈጣሪ ያስፈታህ» አለኝና ወጣ።

እንደምጮህ ጠብቀው ነበር መሰለኝ፣ ሁሉም እኔን ያዩ ነበር። ባሊውን አንሥቼ አወጣሁ፣ አጥቤ መለስኩ። ከዚያ ምንጣፌን ጠቅልዬ እሱ በተኛበት ቦታ ዘረጋሁ። በጥላቻ ለአንድ ሰው የሰጠሁትን ቦታ ለሌላ ሰው በተራ መስጠት አልሆነልኝም። ሽማግሌው «ተራው የኔ ነው» አሉ። «ተራ ቀርቷል፣ ኦቦ፤ ቦታው የኔ ነው» አልኳቸው። እስክፈታ እዚያው ተኛሁ። ሲለቁኝም ክሱ የት እንደደረሰ፣ ለምን እንደለቀቁኝ የነገረኝ የለም።

ካባውን ሚስቴ ሳትዘጋ ጠብቃኛለች። አሁን ሥራው በዝቷል፤ ከውጭ የሚገባው ድንጋይ ከተማችን ውስጥ እምብዛም አይታይም። ባለፈው በጋ አስመጪው ራሱ ጥሩ መኪና ይዞ መጣ። ወፍሯል። የውጭው እንደማያዋጣው፣ የኛን ድንጋይ ወደ አዲስ አበባ መጫን እንደሚፈልግ በፈገግታ ነገረኝ።

«አልሸጥልህም።»

«ወንድሜ፣ ያለፈው አልፏል እኮ።»

«ላንተ አልፏል።»

ጠራቢዎቹ መዶሻቸውን አቁመው ነበር። መኪናው ዞሮ እስኪወርድ ድረስ ማንም ሥራ አልጀመረም። አቧራው ሳይበተን፣ እምቢ ማለቴ የሰጠኝ ደስታ ከውስጤ ወጥቶ እንደነበር አስታውሳለሁ። ያም ሆኖ ነገ ቢመጣ መልሴ ያው ነው።

ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ደጃፍ ላይ ደጋግ ሰዎች ይይዙኛል። «አፍው በለው፣ ይቅር በለው፤ ለራስህ ልብ ይሻልሃል» ይሉኛል። በአክብሮት አዳምጣቸዋለሁ። ሲጨርሱ «ይቅር እንድለው እሱ ልኳችሁ ነው?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።

እስካሁን አዎ ያለኝ የለም።