ከአውራ ጣቴ በላይ የተጻፈው

ያላልኩትን አለ ብለው ጻፉብኝ። ማንበብ አልችልም ነበርና አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ከሥሩ አሳረፍኩበት። በዚያ ወረቀት የተነሳ አንድ ሽማግሌ ታሰረ፣ መንገዳችን ተዘጋ፣ እኔም በሐይቅ ገበያ መሐል ሰላምታ የሚነፈገው ሰው ሆንኩ። በደሉ ይሄ ነው። አሁን እንዴት እንደሆነ ልጻፍ፤ ዛሬ መጻፍ እችላለሁ።

የጭነት በቅሎ ነጂ ነበርኩ። ከሐይቅ አሞሌ ጨው፣ በርበሬና ላምባ ጭነን ወደ አምባሰል ደጋ እንወጣለን፤ ከደጋው ባቄላና ገብስ ይዘን እንወርዳለን። በዚያ የጦርነት ዘመን የመኪናው መንገድ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። አንዴ ፈንጂ ነው፣ አንዴ ተኩስ ነው። የእኛ የበቅሎ መንገድ ግን አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም። ጀግኖች ስለሆንን አይደለም። አበጋር ስለነበረን ነው።

አበጋር እስላሙም ክርስቲያኑም የሚሰማው የዕርቅ ሰው ነው። ደም የተቃቡትን ያስታርቃል፣ ዱአ ያደርጋል፣ እሱ ይብቃ ካለ ይበቃል። የእኛው አበጋር ከደጋው ቁልቁለት ሥር የሚኖር፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ ነበር። ሸህዬ እንለዋለን። ጭነታችንን አስረን ደጁ ስንደርስ ዱአ ያደርግልንና ከዘራውን ይሰጠናል። ከፊት የሚሄደው ሰው ያንን ከዘራ ይዞ ይወጣል። አፋፉ ላይ ያለው ሽማግሌ፣ እሱ ክርስቲያን ነው፣ ከዘራውን ተቀብሎ የራሱን ይሰጠናል። ስንመለስ መልሰን እንለዋወጣለን። ከዘራው የሚቀድመውን ጭነት ሽፍታም፣ መንግሥት ወንበዴ የሚላቸውም፣ የተራበ ገበሬም አይነካውም። የነካ ሰው ልጁን የሚያገባለት፣ ሬሳውን የሚያነሳለት አያገኝማ።

ከድርቁ በኋላ ባለው ዓመት የአውራጃው ሹማምንት ስብሰባ ጠሩ። አጀንዳው የንግድ መስመሩን ጸጥታ ስለማስከበር ነው ተባለ። የበቅሎ ነጂዎች ተወካይ ሆኜ ልሄድ ስል ሚስቴ በር ላይ ያዘችኝ። በመሠረተ ትምህርት ተምራ የምስክር ወረቀቷን ግድግዳ ላይ የሰቀለች ሴት ናት። እኔ ሦስት ዙር ጠርተውኝ ሦስቱንም ዙር በቅሎዬን ጭኜ አምልጫለሁ።

«ወረቀት ከሰጡህ አስነብበህ ነው የምትፈርመው» አለችኝ።

«የበቅሎ ጉዳይ እንጂ የፊደል ጉዳይ አይደለም» አልኳት።

«እሺ፣ እንግዲያው በቅሎዎቹን ላካቸው።»

አዳራሹ ውስጥ ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር አሰማንና ተቀመጥን። ክርክሩ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሻምበሉ መኪና ሁሉ በእጀባ ብቻ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይሂድ ይላል። እህል የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ሰውዬ እጀባ ሲጠበቅ እህሉ ነቀዘብኝ ይላል። ካድሬው የእግር መንገዱ በሙሉ ይዘጋ፣ ወንበዴው የሚቀለበው በእሱ ነው ይላል። አስተዳዳሪው ለሁሉም «ትክክል ነው ጓድ» ይላል። ሁሉም ካርታው ላይ ጣቱን ያሳርፋል። ያንን ቁልቁለት በእግሩ የወረደ ግን ከመካከላቸው አልነበረም።

ተራዬ ሲደርስ የሸህዬን ከዘራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «አሳያቸው፣ ይግባቸው» ብሎ ራሱ ነው የሰጠኝ። መንገዳችን እንዴት እንደሚጠበቅ ነገርኳቸው። ሻምበሉ ከዘራውን አነሳና በጫፉ በኩል አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተመለከተው።

«ይሄ ስንት ጥይት ይጎርሳል?»

አዳራሹ ሳቀ።

«አንድም አይጎርስ ሻምበል። ባለፈው ሳምንት የተቃጠለችው ያንቱ መኪና ስንት ጎርሳ ነበር?»

ሳቁ ቆመ። አስተዳዳሪው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። «በሥነ ሥርዓት ተናገር፣ ጓድ።»

«በሥነ ሥርዓት ነው። ደጋው ላይ ያለ ሁሉ ጨው ይፈልጋል። ገበሬውም፣ የእናንተው ሚሊሻም፣ ጫካ የገባው ሰው እናትም። ስለዚህ ማንም አይነካንም። መንገዱን እንደነበረ ተዉልን።»

ይሄን ነው ያልኩት። ከዚህ በላይ አላልኩም።

ሲያልቅ ጸሐፊው የቃለ ጉባኤውን ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ምን ይላል?» አልኩት። «ያልከውን ነዋ» አለና የቀለሙን ዕቃ አቀረበልኝ። አንብብልኝ ማለት ነበረብኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፣ ሁሉም በእስክሪብቶ ነው የሚፈርመው፤ አፈርኩ። ጣቴን ነከርኩና አሳረፍኩ። በደሉ የእነሱ ነው፣ እፍረቱ ግን የእኔ ነበር። ከዘራውን ላነሳ ስል ሻምበሉ «ይቆይ» አለ።

ሳምንት ሳይሞላ ሸህዬን ከቤቱ ወሰዱት። ከቁልቁለቱ ሥር ኬላ ቆመ። የግሸን ተሳላሚ እንኳ ከዚያ ይመለስ ጀመር። ከዚያ ወሬው መጣ። ሽማግሌው ወንበዴን በከዘራ ምልክት ያሳልፋል ብሎ የመሰከረው የበቅሎ ነጂዎቹ ተወካይ ነው፣ መንገዱ ይዘጋ ብሎ የጠየቀውም እሱ ነው፣ ጣቱም አለበት ተባለ። ስንት ዓመት ጭነቷን ያወጣሁላት በርበሬ ሻጭ ሰላም ስላት ፊቷን ወደ ጆንያዋ አዞረች። መጫኛ አብረን ስንጠፍር የኖርን ሰዎች ስደርስ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። አንዱ ብቻ ፊት ለፊት ተናገረኝ። «አንተ፣ ሸህዬን በስንት ጣትህ ነው ያሳሰርከው? በአንዱ ነው ወይስ በአሥሩም?»

ወረቀቱ ምን እንደሚል አላውቅ።

ቤቴ ገብቼ ሚስቴን «አስተምሪኝ» አልኳት።

«በቅሎዎቹስ ምን አሉ?» አለች። ከዚያ በኋላ ግን አልተሳለቀችብኝም ብል እዋሻለሁ። በከሰል የበሩን ሳንቃ በፊደል ሞላችው። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ቁጭ ብሎ ሀሁ ይላል። ሦስቱ ሀ ለምን አስፈለገ ብዬ ተቆጣሁ። «እኔ አልሠራሁት። በል ቀጥል፣ ግራጫዋ በቅሎህ ብትሆን እስካሁን ዘ ደርሳ ነበር» አለችኝ። በቅሎዎቹ ሥራ ፈትተው ቆመዋል፣ እኔ ደጃፌ ላይ ጣቴን ከፊደል ፊደል አስኬዳለሁ። የሚያልፈው ሰው ያየኛል። ይይ። ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባ ጋዜጣ ማንበብ ጀመርኩ፤ ቀስ እያልኩ።

በዓመት ከምናምኑ ሹማምንቱ እኛን ነጂዎቹን ሁሉ ያው አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። እጀባው አልሠራም። ደጋው ላይ ጨው ጠፋ፣ የራሳቸው ሚሊሻ ስንቅ አጣ፤ አሁን በቅሎዎቻችንን ፈለጉ። ካድሬው ካርታውን ሲዘረጋ እጄን አነሳሁ።

«ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብ።»

ደንባቸው ነውና አስተዳዳሪው እምቢ ማለት አልቻለም። «ጓድ ጸሐፊ፣ አንብብ።»

«እኔ ላንብበው» አልኩ።

ሻምበሉ ቀና አለ። «አንተ ደግሞ መቼ ተማርክ?»

«ያንቱን እጀባ ስንጠብቅ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በጋቢው አፈነ። ወረቀቱን ተቀብዬ ጣቴን ከመስመሩ ሥር አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። አንዷን መስመር እስክጨርስ ሰው ይሰለቻል፤ ይሰልች። ሲያደናቅፈኝ ጸሐፊው ሊረዳኝ አፉን ከፈተ። «ተወው፣ የራሴን ቃል ራሴ እደርስበታለሁ» አልኩት። ደረስኩበት። የበቅሎ ነጂዎች ተወካይ የእግር መንገዱ የወንበዴ መስመር መሆኑን፣ አበጋር የተባለው ግለሰብም በከዘራ ምልክት እንደሚያሳልፋቸው አረጋግጠው፣ መንገዱ እንዲዘጋ ጠይቀዋል ይላል። ከሥሩ ጣቴ አለ፣ ጥቁር።

ወረቀቱን ለሁሉም እንዲታይ አነሳሁት። «ጣቱ የእኔ ነው። ቃሉ የእኔ አይደለም። ያኔ እዚህ የነበራችሁ ሰምታችኋል።»

ጸሐፊው ካድሬውን አየ። ካድሬው ካርታውን አየ።

«ሸህዬ ካልተፈታ፣ ከዘራው ካልተመለሰ፣ ይሄም ወረቀት ካልተስተካከለ የእኔ በቅሎ ከሐይቅ አትወጣም» አልኩ።

«ይሄ ማስፈራሪያ ነው?» አለ ሻምበሉ።

«አይደለም። በቅሎዎቹን መውረስ ትችላላችሁ። ኬላው የእናንተ ነው፣ ጠመንጃውም የእናንተ ነው። ከፊት ሆኖ የሚወጣው ግን ማነው፣ አንቱ ነዎት?»

ከኋላ ያ በስንት ጣትህ ነው ያለኝ ሰው ተነሳ። ወደ እኔ አላየም። «የእኔም አትወጣም» አለና ተቀመጠ። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። ሹማምንቱ እንደገና ተከራከሩ። ይሄኛው ክርክር ግማሽ ቀን አልፈጀም። ጸሐፊው ማስተካከያውን ጻፈ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ በእስክሪብቶ ስሜን ጻፍኩ፤ ተንጋደደ፣ ግን ስሜ ነው። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። አልጠበቅኩም።

ሸህዬ ከስቶ ወጣ። ቤቱ ሰው በተሰበሰበበት ማስተካከያውን አነበብኩለት። ያለችውን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። «እኔስ ያኔም አላመንኩም» አለ። «ለነዚህ ነው ያነበብክላቸው።» በርበሬ ሻጯም በር ላይ ቆማ ነበር።

ከዘራውን ከመጋዘን ሲመልሱት በሲባጎ ብጣሽ ካርቶን ታስሮበት ነበር።

«ይሄ ምን ይላል?» አለኝ ሸህዬ።

«የተያዘ ዕቃ ይላል።»

«ፍታው።»

ፈታሁትና ሰጠሁት። ዱአ አደረገ፣ ሰዉ ሁሉ አሚን አለ፣ ከዚያ ከዘራውን በሰው ፊት መልሶ በእጄ አስያዘኝ። ጭነቱ ደጅ ታስሮ ይጠብቅ ነበር። ቀኑ ሐሙስ፣ የካቲት 24 ቀን 1980 ዓ.ም. ነበር።