የደልሂው የጾም እራት

ልጄ ምስር ወጥ ልሥራ ብላ፣ ከስልኳ ላይ እያየች ዘይት አጋለችና ያልተፈጨ ከሙን ጨመረችበት። ከሙኑ ሲንጣጣ ሽታው ከማድ ቤት ወጥቶ በረንዳ ላይ አገኘኝ። ምን ሆንሽ እማዬ ብትለኝ ደልሂ ደርሼ ነው አልኳት። ሳቀች። ትሳቅ፤ እናቷ በወጣትነቷ የአሰላ ኪነት ተወዛዋዥ ሆና ህንድ አገር ድረስ መሄዷን ስንቴ ነግሬያት ዛሬም ቀልድ ይመስላታል።

በደርግ ጊዜ ነው። ገና ተማሪ ሳለሁ የከተማችን የኪነት ቡድን ለባህል ትርዒት ህንድ ተላከ፤ ከዚያ በፊት ከአሰላ የራቅሁት ሲሬ ለሠርግ፣ ኦጎልቾ ለዘመድ ጥየቃ ነበር። ማሲንቆ የሚጫወቱልን ጋሽ ደምሴ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ አያቶቻቸው ከሸዋ የመጡ ክርስቲያን ይሁኑ እንጂ ኦሮምኛውን ከእኔ ከሙስሊሟ የአርሲ ልጅ አሳምረው ይናገሩት ነበር። ታደሰ የሚባል አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ጦር ግንባር ከገባ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ሁዳዴን ከድሮም ይጾማሉ፣ የዚያን ዓመቱን ግን በልጃቸው ስም ነበር የያዙት፤ እሱ በደህና እንዲመለስ አንዲት ቀን ላይገድፉ ተስለው ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የሚመራን ካድሬ፣ ጓድ ኃላፊ የምንለው፣ እሱም ያውቃል።

በመጨረሻው ምሽት ጋባዦቻችን ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል ወሰዱን። በሩ ላይ ቀይ ጥምጥም የጠመጠመ፣ ጢሙ ወደ ጆሮው የሚሄድ ባለ ግርማ ሰው ቆሞ ነበርና ሚኒስትር መስሎን ተሰልፈን እጅ ነሳነው፤ ለካ በር ከፋች ኖሯል። ወለሉ እብነ በረድ ሆኖ ፊቴን ስላሳየኝ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ በጥንቃቄ ተራመድኩ።

እራቱ አዳራሽ ውስጥ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ገበታ ተዘርግቷል። አሰላ ሠርግ የበላ ሰው ሁለት ገበታ ሲያይ የሚጠይቀው ነገር የለም፤ አንዱ የክርስቲያን፣ አንዱ የእስላም ነው፣ አራጁ ይለያያላ! ስለዚህ ማንም ሳያዘን ክርስቲያኖቹ ወደ ግራ፣ እኛ ወደ ቀኝ ሄድን። አንዱን ክዳን ብንከፍት ከሙን ከሙን የሚሸት ምስር፣ ሌላውን ብንከፍት ሽምብራ፣ ቀጥሎ አበባ ጎመን፤ ምን ዓይነት የእስላም ድግስ ነው እቴ ሥጋ የሌለበት ተባባልን። በወዲያኛው በኩል ደግሞ ጋሽ ደምሴ ክዳን አነሱና ዶሮውን ሲያዩ እንዳቃጠለው ሰው ቶሎ መለሱት።

ጓድ ኃላፊ ከጋባዦቹ ጋር አውርቶ መጣ፤ ለካ አንዱ ገበታ ሥጋ ለሚበሉ፣ ሌላው ለማይበሉ ነው። ነገሩስ ያስቃል፤ እሱ ግን አልሳቀም። ለሰዎቹ ቀኑን ሙሉ በእኛ አገር የሃይማኖት ነገር አብቅቷል ሲል ውሎ፣ እኛ ፊታቸው ለሁለት ተከፍለን ቆመናል። ሁላችንንም ወደ ሥጋው ገበታ ነዳን። ከዚያ በገዛ እጁ የዶሮ እግር አንስቶ ጋሽ ደምሴ ሳህን ላይ አኖረና፣ ጋባዦቹ እንዳይጠረጥሩ ፈገግ እያለ፣ «ይብሉ ጓድ ደምሴ። የማይበላ ካለ አሰላ ስንገባ ምክንያቱን ያስረዳል» አለ። በዚያ ዘመን ማስረዳት ምን እንደሆነ አስተርጓሚ አያስፈልገንም ነበር።

ጋሽ ደምሴ ሳህኑን አስቀመጡና ሌላ ባዶ ሳህን ይዘው፣ ያንን ሰፊ አዳራሽ ብቻቸውን አቋርጠው ምስሩ ጋ ደረሱ። የእኔ እግር ግን ተተክሎ ቀረ። ከኪነት የተባረረ ተማሪ ትምህርት ቤትም አይቆይም፤ እናቴ ደግሞ ከእኔ ሌላ ተስፋ አልነበራትም። ማን እንዳረደው የማላውቀውን ዶሮ ይዤ እንደ ቆምኩ ከማዶ አዩኝና፣ ጓድ ኃላፊ በማይሰማው ኦሮምኛ፣ «ኮቱ ልጄ፣ ኮቱ» አሉኝ፤ ነይ ማለታቸው ነው። ሄድኩ።

ከበሮ መቺው ተከተለኝ። ከዚያ በስውር የሚጾሙት፣ ከዚያ እንደ እኔ የአራጁን ማንነት ያላወቁት፣ እያሉ እያሉ ሁሉም መጡ፤ ምስርን መቼም ማንም አያርደውም። ከጋባዦቹ አንዱ፣ ለካ እሱም ሥጋ የማይቀምስ ኖሮ፣ ሳህኑን ይዞ ወደ እኛ ተሻገረ። ሹካውን ወዲያ ብለን በእጃችን በላን፤ ጋሽ ደምሴም ምስር በቂጣ ጠቅልለው አጎረሱኝ። ጓድ ኃላፊ ከዶሮው ጋር ብቻውን ቀረ፤ አልዋሽም፣ አንጀቴ ራሰ።

አሰላ ስንገባ የሂስ ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ ደምሴ አድኃሪ ተብለው ተባረሩ፤ ማሲንቆውም የቡድኑ ንብረት ነው ተብሎ ከእጃቸው ተወሰደ። እኔም ከኪነቱም ከትምህርቱም ወጣሁ። አይቆጭሽም ወይ የሚሉኝ አሉ። እንዴት አይቆጨኝ! ጎበዝ ተማሪ የነበርኩት ሴትዮ ዕድሜዬን ጨውና ሳሙና ስሸጥ ጨረስኩት፤ እናቴም ተስፋዋን ሳታይ ሞተች፤ ውዝዋዜውም ቢያምረኝ ዛሬ ጉልበቴ እሺ አይልም። ያ ጓድ አሁን ነጠላ አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም አየዋለሁ። ይጹም፣ ደግ አደረገ፤ የእኔን ሰላምታ ግን አያገኛትም። ያ ምሽት ተመልሶ ቢመጣ አሁንም ሳህኔን ይዤ እሻገራለሁ።

የታደሰ መርዶ የመጣው በዚያው ክረምት ነው። ለልቅሶ ሄጄ ጋሽ ደምሴ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ልጅነት ነውና አፌን መያዝ አቃተኝ፣ «ታዲያ ያ ሁሉ ጾም ምን ፈየደ ጋሼ?» አልኳቸው። ለቀስተኛው በሙሉ ዞሮ አየኝ። እሳቸው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና፣ «ልጄን ወሰዱብኝ፣ ምን አቅም አለኝ» አሉ። «ጾሜንም ሊወስዱ መጥተው ነበር፤ እሱን ግን አልሰጠኋቸውም።»