ሙገሳ ያስፈራት ልጅ

በክረምቱ የመምህራን ሥልጠና ላይ ሰው እንዴት እንደሚማር የሚያስረዱ ንድፈ ሐሳቦችን አስተማሩን። አንዱ የተሸለመ ሥራ ይደጋገማል ይላል። ሌላው፣ የለም፣ ሰው የሚማረው ሌላውን እያየ ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ተማሪ እውቀቱን ራሱ ይገነባል እንጂ እንደ እንስራ አይሞላም ባይ ነው። እንስራ ሲባል ቀና አልኩ። እናቴ ዳንግላ ገበያ የምትሸጥ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ በአገራችን ሸክላ ሠሪንና ዘሩን ዓይናቸው ክፉ ነው ብሎ የሚሸሽ ሞልቷል። ስለዚህ እንስራ በተነሳ ቁጥር ነገሩ ወደ እኔ የተወረወረ ይመስለኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ንድፈ ሐሳቦቹንም አላመንኳቸውም። ሁሉም ትክክል ናቸው መባሉ አልጣመኝም፤ ከሳሽም ተከሳሽም የሚረቱበት ችሎት አይቼ አላውቅም። አሠልጣኙ መልስ ለመለሰ ከረሜላ ይወረውር ነበርና፣ እኛ ሽበታሞቹ እየተሻማን እጅ ስናወጣ ግን በመጀመሪያው ላይ ያለኝ ጥርጣሬ ትንሽ ላላ።

እንጅባራ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ከዘንገና በኩል በእግሯ የምትመጣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። በቃል ስትጠየቅ አንገቷን ትደፋለች፤ ወረቀት ላይ ግን አትስትም። ትቀዳለች ብዬ ለብቻዋ አስቀመጥኳት። አሁንም አልሳተችም። በጣም ደስ አለኝ። ሰሌዳው ፊት አቁሜ ዓይን ዓይኗን እያየሁ «ጎበዝ! አጨብጭቡላት!» አልኩ። ክፍሉ ተናወጠ።

በማግስቱ ቀረች። በሳምንቱም አልመጣችም። ለከብት ፈልገዋት ይሆን? ወይስ ሊድሯት? እያልኩ ስብሰለሰል እናቷ መጣች። አፏን የፈታችው በአዊኛ ስለሆነ አማርኛውን ቀስ እያለች ነበር የምትናገረው።

«መምህር፣ ልጄን በሰው ፊት አያወድሱብኝ። ያን ዕለት ማታውኑ አተኮሳት፤ እህል አልቀምስ አለች። እኛ ዘንድ ልጅ አይሞገስም፣ ዓይን ይበላታል።»

«አሁን ተሽሏታል? ትመጣለች?»

«እሱን እርስዎን አይቼ ልወስን ብዬ ነው የመጣሁ።» መሬት መሬት አየች። «እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?»

እዚህ አገር ይህ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ተራ ጥያቄ ነው። እኔ ግን የልጅቷ ትምህርት በመልሴ ላይ እንደተንጠለጠለ ታወቀኝ። ብዋሽ የሚያጋልጠኝ አይጠፋም። የእናቴን ስም ነገርኳት።

«አውቃቸዋለሁ» አለች። «ድስታቸው እሳት ይችላል።»

ማጽናኛ ይሁን ማስጠንቀቂያ ዛሬም አልገባኝም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ስትነሳ «ትምጣ» አለች። «ብቻ አያወድሱብኝ። አተኩረውም አይዩብኝ።» ተናደድኩ፤ አፈርኩም። እሺ አልኳት።

ሰኞ ልጅቷ አንገቷ ላይ አዲስ ክታብ አስራ መጣች። በአጠገቧ ሳልፍ መሬት መሬት እያየች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ልክ እንደ እናቷ። ሰው እያየ ይማራል የሚለውን ያን ጊዜ ያለ ክርክር ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉን ስጠይቅ ጀርባዬን ሰጥቼ እየጻፍኩ ሆነ። አንድ ቀን የማካፈል ጥያቄ ጽፌ «ማን ይመልሳል?» ስል ከኋላዬ የማላውቀው ቀጭን ድምፅ መለሰ። የእሷ ነበር። መልሱም ልክ ነበር። ዞሬ ላያት እንዴት እንደጓጓሁ!

«ልክ ነው» አልኩ፣ ለሰሌዳው።