ከጭራው የተከፈተ መጽሐፍ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ጾም መሻሬን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ አኩርፌ ከእህቴ ሠርግ መቅረቴን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ስለ ዘሃራ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ምን ልበላቸው? «አባ፣ አንዲት እናት ላይ ሳቅሁ» ልበል? ይኼ ደግሞ ኃጢአት ነው ወይ ይሉኝ ይሆናል። ነው። እኔ አውቀዋለሁ።

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ላሏቸው እናቶች የሥዕል መጽሐፍ የማድል ሠራተኛ ነበርኩ። እናቶቹን በየሳምንቱ ሰብስቤ ለልጆቻቸው እንዴት እንደሚያነቡ አሳያለሁ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ሕፃናት ሳስተምር ስለኖርኩ ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር። አፌም አያርፍም። ሰው ሳስቅ ደስ ይለኛል፤ በማን ላይ እንደማስቅ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ዘሃራ በርበሬ ቸርቻሪ ነበረች። የአራት ዓመት ልጇን ሰሚራን ይዛ ትመጣና ጥግ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ተራዋ ደረሰና ቤቷ ወስዳው የሰነበተችውን መጽሐፍ አወጣች። ስለ ጠፋች ፍየል የሚተርክ ነው። ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከመጨረሻው ገጽ ከፈተችው። ወደ መጀመሪያው ገጽ እየመለሰች፣ ሥዕሉን በጣቷ እየነካች ትጠይቃለች።

«ፍየሏ ቤቷ ገብታለች፣ አልሐምዱሊላህ። እስቲ የት ነበረች?»

«ጫካ!» ትላለች ሰሚራ። ገጹ ሲገለጥ እውነትም ጫካ ነው። «ጫካ ማን ወሰዳት?» ልጅቱ ጮቤ ረገጠች። እዚያ ቤት ይህ መጽሐፍ ስንት ጊዜ እንደተነበበ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያሻኝ ነበር?

እኔ ግን ሳቅሁ። «ኧረ ዘሃራ! በሬ እንኳ በቀንዱ ነው የሚያዘው፤ አንቺ መጽሐፉን በጭራው ያዝሽው?» አልኩ። ሴቶቹ ተንከተከቱ። ሳቃቸው ሞቅ አደረገኝ። ተነሥቼ ልጅቱን ከእናቷ ጭን አንሥቼ እኔ ጭን ላይ አስቀመጥኳት። «ሰሚራዬ፣ እናትሽ ማንበብ አትችልም፤ ነይ እኔ ላንብብልሽ» አልኳት። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። እኔ ነኝ ያነሣኋት።

ዘሃራ አንገቷን ደፍታ፣ «ቁርአን ቤት የተማርኩት በዚህ በኩል ነው። ወላሂ ሌላ አላውቅም» አለች።

አላወቅሁም ነበር ልበል? ወሎ ተወልጄ፣ ከእስላም ጎረቤት ጋር አንድ ግቢ አድጌ፣ የዐረብ ፊደል ከቀኝ እንደሚጀመር አጣሁት? አላጣሁትም። ሴትዮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ፊደል የቆጠረች ናት። ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ ሳቁ እንዳይቀዘቅዝብኝ።

በሳምንቱ መጽሐፉን በንጹሕ ፌስታል ጠቅልላ መለሰችልኝ። «ለምትችል ይስጧት» አለችኝ። ለእያንዳንዷ እናት በምሞላው ቅጽ ላይ «እናት ፈቃደኛ አይደለችም» ብዬ ጻፍኩ። ቤቷ ከቢሮዬ በእግር ብዙም አይርቅም ነበር። አልሄድኩም።

ከዓመታት በኋላ፣ ዘንድሮ፣ ጉልበቴን ልታከም ኮምቦልቻ አንድ ክሊኒክ ገብቼ ተራ እጠብቃለሁ። ነርሷ ለአንዲት እናት ወረቀት ስትሰጥ፣ የተማሪ ዩኒፎርም የለበሰች ልጇ ቀድማ እጇን ዘረጋች። «ለእኔ ስጪኝ፤ እሷ ማንበብ አትችልም» አለች። ቁጣ የለበትም፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደ ማለት ነው። ቀና ብዬ ሳይ ዘሃራ ናት። ቃሉ የእኔ ነው። የድምፁ ቅላጼ ሳይቀር የእኔ ነው።

ዘሃራ አወቀችኝ። ዞሬ ላመልጥ ብል ጉልበቴ አልታዘዘኝም። «ቲቸር! ደህና ነዎት ወይ?» ብላ እጄን ይዛ ሳመችኝ። ከዚያም ወደ ልጇ ዞራ፣ «ሰሚራ፣ ትንሽ ሳለሽ መጽሐፍ ያነበቡልሽ እሳቸው ናቸው እኮ» አለቻት።

የልጅቱ ፊት በራ። «የፍየሏን? ‹ፍየሏ ቤቷ ገብታለች፤ እስቲ የት ነበረች?› የሚለውን? እርስዎ ነዎት?»

ከመጨረሻው ነው የጀመረችው። እኔ እንደዚያ አንብቤ አላውቅም። የእናቷን ቃል አልረሳችም፤ የማን እንደሆነ ብቻ ነው የጠፋት። ዘሃራ መሬት መሬት ታያለች። አሁን ልናገር? ይኸው እግዜር በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ አይደል?

«አዎ» አልኩ። ወይኔ! «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

ይቅርታ አልለምንም። ዘሃራን ብለምናት፣ እኛ አገር ለተጨነቀ ሰው እንደሚባለው «አብሽሩ» ብላ ታልፈኛለች፤ ከእሷ ይቅርታ ማግኘት ለእኔ ርካሽ ነው። ዕዳዬ ለሰሚራ ነው። ሰሚራ፣ ያነበበችልሽ እናትሽ ናት። ይህን እዚህ መጻፍ ምን ይከብዳል? እነሱ አሁን የሚኖሩት ኮምቦልቻ ነው፤ ከደሴ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። እስካሁን አልሄድኩም።