በመዋኛው ዙሪያ ያነጠፍኩት ሣር

ሣር ሳይዘሩት በሚበቅልበት አገር የፕላስቲክ ሣር አንጥፍ ተብዬ ታዝዣለሁ። የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ። ያኔ ግን የምስቅበት ጥርስ አልነበረኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከጅማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የመንግሥት ቡና እርሻ የግንባታ ፎርማን ሆኜ ተመድቤ ነበር። ባለቤቴ አሰላ መምህርት ናት። ተጋብተን ዓመት ሳይሞላን ምደባ ለያየን። ልጃችን እኔ በሌለሁበት ተወለደች፤ ለክርስትናዋ ሦስት ቀን ፈቅደውልኝ አየኋት፣ ከዚያ በኋላ ጥርስ ማብቀሏንም ዳዴ ማለቷንም የሰማሁት በደብዳቤ ነው። ወደ አሰላ ልዛወር ብዬ ያስገባሁት ማመልከቻ የእርሻው አስተዳዳሪ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ቅዳሜ ጠዋት ጅማ ወርጄ የፖስታ ሣጥኑን እከፍታለሁ፤ ባዶ ከሆነ እዘጋውና እንደገና እከፍተዋለሁ። ሞኝነት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ብቻውን የሚኖር ሰው እንዲህ ያደርገዋል።

የእርሻው እንግዳ ማረፊያ ድሮ፣ እርሻው ሳይወረስ፣ የባለንብረቱ ፈረንጅ መኖሪያ ነበር። ከጓሮው መዋኛ አለ፤ ከእንቁራሪት በቀር የሚዋኝበት ግን የለም። ዙሪያው ውሃ መሄጃ አጥቶ የሚተኛበት ቀይ ጭቃ ነው። ሰርዶ ብንተክልበት ሥሩ በስብሶ ሞተ። አንድ ቀን አስተዳዳሪው ቢሮው ጠራኝና ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ሊጎበኙን እንደሆነ ነገረኝ። ከኤግዚቢሽን ተረፈ የተባለ፣ እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር በቡና መኪና ተጭኖ መጥቷል።

«ጭቃው ላይ አልብሰው» አለኝ።

«ውሃው ከሥር ይተኛል፤ ሲረገጥ ይረጫል» አልኩት።

«እንግዲያው እንዳይተኛ አድርግ። ይህን ካሳመርክልኝ የዝውውርህ ፊርማ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው።»

በዚያው ቀን ለባለቤቴ «ልመጣ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ከታዘዙልኝ ሠራተኞች አንዱ ከደዶ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቡና ማጠቢያ ላይ የውሃ ቦይ ሲቆፍሩ ብዙ ዓመት የቆዩ ሰው። እኔ ገመድ ወጥሬ፣ ውሃ ልክ አስቀምጬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አስቆፈርኩ። እሳቸው በሦስተኛው ቀን አንድ ባልዲ ውሃ ቦዩ ውስጥ ደፉና ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ። ውሃው ትንሽ አመነታና ተመልሶ ወደ መዋኛው መጣ።

«ማል ጎታ ልጄ?» አሉኝ። «ምን እያደረግህ ነው? ቢሻኗን፣ ውሃዋን፣ አስቀድመህ ጠይቃት እንጂ። በየት እንደምትሄድ እሷ ታውቃለች፤ ያንተን ገመድ አትሰማም።»

ተናደድኩ። በእሳቸው ግን አልነበረም፤ ተምሬያለሁ በሚለው በራሴ ነው የተናደድኩት። የቆፈርኩትን ደፍኜ እሳቸው እየመሩኝ ከመዋኛው ወደ ታች፣ ወደ ቡናው ተዳፋት አዲስ ቦይ አወጣን። ቀርከሃ ለሁለት ሰንጥቀን፣ አንጓውን ጠርበን ዘረጋንበት፤ በላዩ የወንዝ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ አሸዋ። ሣሩን ጥቅል በጥቅል አንጥፈን መጋጠሚያውን በጆንያ መስፊያ መርፌ ሰፋነው። አንዱን ጥቅል አዙሬ አንጥፌው ኖሮ ጠጉሩ በተቃራኒ ተኝቶ ከሩቅ ሌላ ቀለም መሰለ። ሽማግሌው «ተወው፣ ማን ያየዋል» ቢሉኝም ተርትሬ እንደገና ሰፋሁት። እያንዳንዱ ስፌት ወደ አሰላ የሚያስጠጋኝ ይመስለኝ ነበር።

እንግዳው በመጡበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ ዶፍ ወረደ። አስተዳዳሪው ፊቱ አመድ መስሎ በመስኮት እኔን እኔን ያያል። ከሰዓት በኋላ ሲያባራ ሰውየው በሚያብረቀርቅ ጫማቸው ሣሩ ላይ ወጡ። ረገጡት፤ አልረጨም። ዞሩት፤ የትም ውሃ አልቋጠረም። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ይህን የሠራው ጓድ የታል?» አሉ።

ወደ ፊት ወጣሁና ጨበጡኝ። ከዚያ ወደ አስተዳዳሪው ዞሩና «እንዲህ ያለ ባለሙያ ከእጃችሁ እንዳይወጣ። ሌሎቹም እርሻዎች ይፈልጉታል» አሉት።

«በሚገባ፣ ጓድ» አለ አስተዳዳሪው፤ ወደ እኔ ግን አላየም።

በሳምንቱ ማመልከቻዬ «ለሥራው እጅግ አስፈላጊ ሠራተኛ በመሆኑ ዝውውሩ አልተፈቀደም» የሚል ተጽፎበት ተመለሰልኝ። ሄጄ ቃል ገብተህልኝ አልነበረም ወይ አልኩት። «ምን ላድርግ፣ ራስህ ነህ ያሳመርከው» አለኝ። ሆን ብዬ ባበላሸው ደግሞ አሻጥረኛ እባል ነበር፤ ያ ምን እንደሚያስከትል በዚያ ዘመን የኖረ ያውቃል።

ሽማግሌው ምን እንደተጻፈብኝ ሲሰሙ አካፋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ያ ረቢ!» አሉ። «ትንሽ ቢሻን ብንተውባት ምን ነበረበት፣ ልጄ?»

ሳቅኩ። ሳቁ አልቆም ብሎኝ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ ፊቴን ወደ ቡናው አዞርኩ። እሳቸው አካፋቸውን አንስተው ቀስ ብለው ሄዱልኝ።

ከዚያ በኋላ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው እየላኩ ጓሮ ሲያሠሩኝ ቆዩ፤ የዓመት ፈቃዴም በየጊዜው «ሥራው ይለቅ» እየተባለ ተራዘመ። አሰላ የደረስኩት ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ፤ የእናቷን ግንባር ይዛለች። ሻንጣዬን መሬት አስቀምጬ ተንበረከክሁና እጄን ዘረጋሁላት። አየት አደረገችኝና፣ ሳትፈራም ሳትስቅም፣ ወደ ጓዳ ዞራ ተጣራች።

«እማዬ፣ ሰው መጥቷል።»