ያስታጠበችኝ ሴት

«እማዬ፣ መንግሥተ ሰማያት ስንገባ ልብሳችንን ማን ያጥብልናል? ያቺ ሴትዮም ትመጣለች?» አለችኝ ትንሿ ልጄ፣ ለእራት ጸሎት ዓይናችንን እንደጨፈንን። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ልብስ የምታጥብልንን ሴት ማለቷ ነው። ታላላቆቿ ሳቁ። እኔ ግን አሜን ማለት አቃተኝ። ሴትዮዋ መጀመሪያ የመጣች ቀን ስሟን ነግራኝ ነበር፤ ጠፋብኝና መልሼ ለመጠየቅ አፍሬ፣ «የኔ እናት» እያልኩ ከርሜአለሁ። ልጄም ስሟን ከማን ትስማው?

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ ነበር የምንኖረው። የጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር ትልልቆቹ በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ፤ እኛን ልጆቹን የሚይዙን ደግሞ ጎረቤታችን ጋሽ ሉቃስ፣ ሽማግሌው አናጢ ነበሩ። መዝሙር ደጅ ድረስ ይሰማል፣ ተረት ያወራ ሽማግሌ ግን አይታሰርም እያሉ ይቀልዱ ነበር። ያኔ መሸት ሲል፣ ከሐይቁ በኩል ነፋሱ ሲነሳ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ኩራዙ ጥግ ላይ እየጤሰ፣ በቆሎ እሸቱ ፍሙ ላይ እየተንጣጣ፣ ከበናቸው እንቀመጣለን።

አንድ ምሽት ስለ አንዲት ጸሎተኛ ሴት አወሩን። ሞታ ሰማይ ቤት ስትደርስ፣ ደጃፉ ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የመንገዱን አቧራ ከእግሯ አጠበላት። እሷ ግን የቤቱን ጌታ ለማየት ቸኩላለችና፣ ዓይኗን ውስጥ ካለው ብርሃን ሳትነቅል፣ እግሯን እንኳን በወጉ ሳታደርቅ ገባች። በየክፍሉ ብትዞር ጌታውን አጣችው። በኋላ፣ በር ላይ እግርሽን ያጠበሽ እኮ እሱ ነው አሏት። ሮጣ ብትወጣ ደጃፉ ላይ ብዙ ሰዎች ጎንበስ ብለው የእንግዳ እግር ያጥባሉ። የትኛው ይሁን? ፊቱን አላየችውም ነበር።

«ታዲያ አገኘችው?» አልኩ በቆሎዬን እየፈለፈልኩ።

ጋሽ ሉቃስ መልሰው፣ «በቆሎውን ከመያዝሽ በፊት ማን አስታጠበሽ?» አሉኝ።

የጆጉን አፍ፣ ለብ ያለውን ውሃ፣ የማስታጠቢያውን ሳህን አበባ አስታወስኩ። ከዚያ በላይ ምንም። ብዙ እናቶች ይገቡ ይወጡ ስለነበር በግምት የአንዷን ስም ጠራሁ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ከቡሹሎ መንደር መጥታ እነ ጋሽ ሉቃስን የምታግዘው ዳንጊሴ፣ ጆጉን እንደያዘች ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

«ተዉአት ጋሼ፣ ዓይኗ በቆሎው ላይ ነበር» አለች እየሳቀች።

ፊቴ ከፍሙ ብሶ ጋለ። ጋሽ ሉቃስ ተረቱን አልጨረሱትም። ለመዝጊያ ሲጸልዩ እግዚአብሔርን ስለ በቆሎው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ዳንጊሴም በስሟ አመሰገኑ።

ይህን ተረት ለልጆቼ ስንቴ አውርቼላቸዋለሁ፤ በየማዕዱም ጌታን ሳላመሰግን አልቆርስም። በዚያ የእራት ጸሎት ላይ ግን ልጄ እንደ ጋሽ ሉቃስ ጠየቀችኝ፣ እኔም እንደ ያኔው ያገለገለችኝን ሴት ማንነት አላውቅም ነበር። ሞትን ሳስብ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው፤ ጌታ ፊት ደርሼ ሳላውቀው ማለፍ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ሴትዮዋ እንደ ልማዷ ሻይና ዳቦዋን ይዛ ወደ ጓሮ ልትሄድ ስትል ገበታ ላይ አስቀመጥኳት። ልጄ ሳህኑን ያዘች፣ እኔ ጆጉን አነሳሁ።

«ኧረ እትዬ፣ እኔው ላስታጥብዎት» አለች ተነስታ።

«ተቀመጪ። ይቅር በይኝና፣ ስምሽ ጠፍቶብኛል።»

«ወርቅነሽ» አለች፣ አንገቷን እንደ ደፋች እጆቿን እየዘረጋች።

ቀና ብላ ፊቷን እስካይ ድረስ ውሃውን ማፍሰሴን አላቆምኩም።