ለቅሶ ቤት ያመለጠችኝ እልልታ

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ እልል አልኩ።

አትፍረዱብኝ። ወይም ፍረዱ፤ ግን መጀመሪያ ስሙኝ። ደብረ ታቦር ላይ እልልታዬ የታወቀ ነው። ሙሽራ ስትወጣ፣ ታቦት ሲነግሥ፣ ልጅ ሲመረቅ... «እሷን ጥሯት» ይባላል። ለቅሶ ላይ እልል በይ ብሎ የጠራኝ ሰው ግን የለም። እዚያ ራሴን በራሴ ነው የጋበዝኩት።

የሞቱት ጎረቤታችን አያ መኮንን ናቸው። ዕድሜ ጠግበው፣ ቆርበው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ... በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሞት ቅንጦት ነው። የቀረባቸው ነገር ቢኖር ስማቸው የሚባለው የአንድ ልጃቸው ትከሻ ነው። ስማቸው እህል ሊያመጣ እብናት ወርዶ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም እምቢ ብሎ፣ አባቱን ሳይቀብር ቀረ። ባለቤታቸው እትዬ ወርቄ አንዱ ዓይናቸው ባላቸውን ያለቅሳል፣ አንዱ በር በሩን ያያል።

ሠልስቱ አለፈ። በወጉ ድንኳኑ ይነሳል። አልተነሳም። የዕድራችን ዳኛ፣ ድንኳኑ አንድ ቀን ይጨመር ሲባሉ ውጋት የሚይዛቸው ሰውዬ፣ በገዛ አፋቸው «ይቆይ» አሉ። ሰዉም መበተኑን ትቶ ይጨምር ጀመር። ከእብናት አንድ ሽማግሌ በእግራቸው መጡና ከዳኛው ጎን ተቀመጡ። የቀረበላቸውን እህል በጣታቸው አልነኩም።

እኔ ደግሞ መች ዝም እላለሁ...

«አያ መኮንን ሁለቴ ነው እንዴ የሞቱት?» አልኳቸው ዳኛውን።

አልሳቁም። «አፍሽን ሰብስቢ» አሉኝ።

ሰበሰብኩ። ጥግ ይዞ ወደተቀመጠው ወደ መምህር ይታያል ሄድኩ። ፊዚክስ የሚያስተምር የሰፈራችን ልጅ ነው። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አቁሞ፣ ጎረምሳው ሁሉ ከቦታል። ማርስ ላይ መኪና ልታርፍ ነው! ባለ ስድስት ጎማ፣ ሹፌር የሌላት። ሰሞኑን ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። መቼም የእብናት መንገድ ለተዘጋብን ሰዎች የማርስ መንገድ መከፈቱ ትልቅ እፎይታ ነው።

«አሁን እየወረደች ነው?» አልኩት።

«ወርዳ ጨርሳለች» አለኝ። «ወሬው ነው ያልደረሰን። ሩቅ ስለሆነ መልእክቱ እስኪመጣ ደቂቃዎች ይፈጃል። እስካሁን ወይ አርፋለች፣ ወይ ተከስክሳለች። የሆነው ሆኗል፤ እኛ የምንሰማው ዘግይተን ነው።»

የእብናቱ ሽማግሌ ከወዲያ ሆነው አንገታቸውን ደፉ። ጸሎት መስሎኝ ነበር።

ስልኩ ላይ የሚታዩት ሳይንቲስቶች ትንፋሻቸውን ውጠው ያፈጣሉ፤ እኛ እነሱ ላይ እናፈጣለን። አንዷ ጥፍሯን ትበላለች። በድንገት ሳይንቲስቶቹ ብድግ አሉ፣ ተቃቀፉ፣ አለቀሱ። መምህር ይታያል «አረፈች!» ብሎ ጮኸ። ጎረምሳው አጨበጨበ። ምላሴም የት እንዳለች ረሳች።

እልልልልልል!

አንዲት ብቻ ናት። ግን ጥሩ ወጥታ ነበር።

የቤቱ በር ተበረገደ። እትዬ ወርቄ ነጠላቸው መሬት እየጎተተ ወጡ። እየሳቁ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጥርሳቸውን አይቼ አላውቅም።

«መጣ? የታለ? ልጄ የታለ?»

ያኔ ደነገጥኩ። ለካ እዚያ ቤት እልል የሚያሰኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር።

ዘወር ብዬ ትልልቆቹን አየሁ። አንዳቸው «ገና ነው፣ ይመጣል» ይሏቸዋል ብዬ። ዳኛው ግን መሬት መሬት ያያሉ። የእብናቱ ሽማግሌ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነዋል። ድንኳኑ ለምን እንዳልተነሳ ያን ጊዜ ገባኝ። የእትዬ ወርቄን ልጅ መርዶ ይዘው ነው የተቀመጡት። ለባላቸው ያፈሰሱት እንባ ትንሽ ይድረቅላቸው ብለው፣ የሚያረዱበትን ጎህ እየመረጡ።

ስማቸው እንዴት እንደሞተ አልጠየቅኩም። በዚህ ወቅት ይህ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም።

«እትዬ... ስማቸው አይደለም» አልኩ። «መኪና ናት። ሌላ ዓለም ላይ አርፋ ነው።»

ይረግሙኛል ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። እሳቸው ግን ጠጋ ብለው ስልኩን አዩ።

«ሰው አለባት?»

«የለባትም።»

«ታዲያ መድረሷን በምን አወቁ?»

«ራሷ ናት የላከች፣ እትዬ። ደርሻለሁ ብላ» አለ መምህር ይታያል።

እትዬ ወርቄ ክንዴን ተደግፈው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ይኸው! ከዚያ ድረስ ወርዳ ብረቷ ደረስኩ ካለች... የኔ ልጅማ አፍ አለው። ይደውላል።» ወደ ጓዳ ዞረው «ራቱን አስቀምጡለት!» አሉና ገቡ።

ዳኛው አጠገቤ መጡ። በከዘራ ይሉኛል ስል ጆሮዬ ሥር «ነገ ጎህ ሲቀድ ነው። አንቺም ነይ» አሉኝ። ቅጣቴ መሆኑ ነው።

በማግስቱ ሰማዩ ሳይገረጣ በራቸው ላይ ቆምን። ዳኛው፣ ሽማግሌው፣ መስቀላቸውን የጨበጡ ቄስ፣ እኔ ከኋላ። የጉና ብርድ አጥንት ይሰረስራል። ዳኛው ሁለት ጊዜ እጃቸውን አንስተው መለሱ። በሦስተኛው አንኳኩ።

«ስማቸው?» አሉ እትዬ ወርቄ ከውስጥ።

ውጭ የቆምነው ሁላችንም አፍ ነበረን።